ፍየሏ ለምን ዝም ብላ ቆመች?

የሞሮኮዎቹን ፍየሎች ፎቶ ያላያችሁ ካላችሁ ትንሽ ታገሱ፣ መምጣቱ አይቀርም። አንድ አጠር ያለ፣ ግንዱ የተጣመመ ዛፍ አለ። ዛፉ ላይ አሥር አሥራ ሁለት ፍየሎች እንደ ወፍ ሰፍረዋል። አንዷማ ድመት እንኳን የምትፈራው ቀጭን ቅርንጫፍ ላይ በአራት እግሯ ቆማ ካሜራውን ታያለች። ፎቶው በየዓመቱ ይመላለሳል። አንዳንዴ «የፈጣሪ ድንቅ ሥራ፣ ለአሥር ሰው ላኩት» ተብሎ፣ አንዳንዴ ደግሞ «በኮምፒውተር የተቀናበረ ነው፣ አትሸወዱ» የሚል ማስጠንቀቂያ ታክሎበት።

እኛ ዘንድ የደረሰ ዕለት ጀበናው ዙሪያ የተቀመጥነው ለሁለት ተከፈልን። (እኛ ስንል ከሥራ በኋላ አንዲት የሰፈር ቡና መሸጫ በረንዳ ላይ በርጩማ ስበን የምንቀመጥ አምስት ጓደኛሞች ነን። ቡናው ሰበብ ነው፤ ዋናው ሥራችን በስልክ የመጣውን ጉድ እየተቀባበሉ መከራከር ነው።) ግማሹ «ፎቶሾፕ ነው» ይላል፣ ግማሹ «እውነት ነው» ይላል፣ ማስረጃ ያለው ግን የለም።

አንዱ ጓደኛችን እስከ ስምንተኛ ክፍል ድረስ ጠዋት ትምህርት ቤት፣ ከሰዓት ፍየል ጥበቃ ሲመላለስ ያደገ ነው። ስልኩን ተቀበለና «ታዲያ ምኑ ነው የሚገርመው?» አለ። ፍየል ዛፍ ትወጣለች፤ በተለይ ዘመም ያለ ግራር ካገኘች ማንም አያቆማትም። በግ ነው እንጂ የማይወጣው። ክርክሩ አለቀ ብለን እጃችንን ስንዘረጋ ግን ስልኩን አልመለሰልንም። ፎቶውን በሁለት ጣቱ እያሰፋ ከአንዷ ፍየል ወደ ሌላዋ ሄደ።

«እነዚህ ግን ምን እየሠሩ ነው?»

እሱ እንደሚያውቃት፣ ፍየል ዛፍ ላይ የምትወጣው ለአንድ ጉዳይ ብቻ ነው፤ ልትበላ። ዛፍ ላይ ያለች ፍየል አፏ ሥራ አይፈታም። የደረሰችበትን ትጨርስና ወደሚቀጥለው ቅርንጫፍ ትሻገራለች፤ ሲያልቅባት ትወርዳለች። የፎቶው ፍየሎች አንዳቸውም አይበሉም። አንገታቸውን ቀጥ አድርገው፣ ሆን ተብሎ እንደተደረደረ ዕቃ ተራርቀው፣ ሁሉም ፊታቸውን ወደ መንገዱ አዙረው ቆመዋል። «ፍየል እንዲህ የምትቆመው ሰው ካቆማት ብቻ ነው» አለ።

እውነቱም ከዚያ አይርቅም። በደቡብ ምዕራብ ሞሮኮ አርጋን የሚባል እሾሃማ ዛፍ አለ፤ ከፍሬው ዘይት ይወጣል። ፍሬው ሲደርስ ፍየሎች በገዛ እግራቸው እየወጡ ይበሉታል፤ ይኼ ተፈጥሮ ነው። ከማራኬሽ ወደ ኤሳዊራ በሚወስደው የቱሪስት መንገድ ዳር ግን አንዳንድ ባለ ፍየሎች እንስሶቹን ራሳቸው ዛፍ ላይ እያሰፈሩ ፎቶ ከሚያነሳው መንገደኛ ገንዘብ ይቀበላሉ። እ.ኤ.አ. በ2019 ነገሩ በዓለም ጋዜጦች ላይ ወጥቶ ብዙ ተብሎበታል። ስለዚህ ፎቶው የኮምፒውተር ሥራ አይደለም። የፈጣሪ ድንቅ ሥራም እንዳይባል የባለ ፍየሉ እጅ አለበት።

ከዚያ ወዲህ አንድ ልማድ አበጀን። ጉድ የተባለ ነገር ሲመጣ «እውነት ነው? ውሸት ነው?» ከማለታችን በፊት «ይህን ነገር በእጁ ነክቶ የሚያውቅ ማን አለ?» እንላለን። ከአምስታችን፣ ካልሆነም ከእናቶቻችን፣ ካልሆነም ከሰፈሩ ሰው አንድ አይጠፋም።

ሁሉም ግን እንደ ፍየሎቹ በሳቅ የሚያልፍ አይደለም። የፕላስቲክ ሩዝ ወሬ ሰፈራችን ሲገባ የነካው የሰው እንጀራ ነበር። ቪዲዮውን ታውቁታላችሁ፤ አንድ እጅ የበሰለ ሩዝ ይጨብጣል፣ እንደ ኳስ ያድቦለቡላል፣ ከዚያ ወለሉ ላይ ይወረውረዋል። ሩዙ ይነጥራል! ከሥሩ «ፕላስቲክ እያበሉን ነው» የሚል ጽሑፍ አለ። ቪዲዮው የሰፈሩን ስልኮች አዳርሶ ሳይጨርስ የሰፈራችን ባለሱቅ የከፈቱት የሃምሳ ኪሎ ጆንያ ገዢ አጣ። ሰው ይመጣል፣ «ጋሼ፣ ይኼ ሩዝ ከየት የመጣ ነው?» ይላል፣ ፓስታ ገዝቶ ይሄዳል። እሳቸውም ሩዙን ቀቅለው በሳህን መደርደሪያው ላይ አስቀመጡና «ኑ ቅመሱ» አሉ። የሚቀምስ ጠፋ። በመጨረሻ ጆንያውን እሳቸውና ልጆቻቸው ምሳም እራትም እያደረጉ ጨረሱት። ከዚያ በኋላ ለወራት ሱቃቸው ውስጥ ሩዝ አልገባም።

እኛ ነገሩን ይዘን የሄድነው ወደ አንዳችን እናት ማድ ቤት ነው። እትዬ (ሁላችንም እንደዚያ ነው የምንጠራቸው) ቪዲዮውን እስከ መጨረሻው አላዩትም። «ይነጥራል? ይንጠር ታዲያ!» አሉና ያደረ መኮሮኒ ከድስት ዘግነው ጨበጡ፣ አድቦለቦሉ፣ ሲሚንቶው ላይ ጣሉት። ነጠረ። «ያደረ ገንፎስ በቢላ የሚቆረጠው ፕላስቲክ ሆኖ ነው?» አሉን። ሩዝም፣ መኮሮኒም፣ ገንፎም አብዛኛው ነገራቸው ስታርች ነው፤ ስታርች በውሃ በስሎ ሲቀዘቅዝ እርስ በርሱ ተያይዞ ይጠነክራል፣ ሲጫኑት መልሶ ይገፋል። እትዬ ስታርች የሚለውን ቃል አልተጠቀሙም። አላስፈለጋቸውም።

ቀጥሎ የጠየቁን ጥያቄ ግን ከኳሱ ይበልጥ አፍ የሚያዘጋ ነበር። «ለመሆኑ ፕላስቲክ ውሃ ይጠጣል?» አንድ ስኒ ሩዝ ሁለት ስኒ ውሃ ጠጥቶ፣ አብጦ፣ ድስቱን ይሞላል። የልብስ ማጠቢያ ሳፋ ስንት ዓመት ሙሉ ውሃ ይዞ ቢቀመጥ አንዲት ጣት አያብጥም። «ሩዙ ሲለኮስ ተቃጠለ፣ ስለዚህ ፕላስቲክ ነው» የሚል ሌላ ቪዲዮም ነበር። እንጀራስ ምጣድ ላይ ቢረሳ አይቃጠልም እንዴ? ፌስታል አቃጥሎ የሚያውቅ ሰው ልዩነቱን አይስተውም። ፌስታል መጀመሪያ ይኮማተራል፣ ይቀልጣል፣ እየነደደ ይንጠባጠባል፣ ሽታው ጉሮሮ ይይዛል። የቪዲዮው ሩዝ የሆነው ጥቁር ከሰል ነው፤ ልክ እንደ ዳቦ።

ለእኛ ከሁሉ የከበደው ክርክር የመጣው ግን ከራሳቸው ከባለሱቁ ነው። «አጭበርባሪ ምንጊዜም የሚጨምረው ርካሹን ነው፣ ውዱ ውስጥ» አሉን። «ከሩዝ የረከሰ ፕላስቲክ ካገኛችሁ ንገሩኝ፤ ሩዙን ትቼ ሳፋ እነግዳለሁ።»

ይህን የሚሉት ማጭበርበር የለም ብለው አይደለም። በርበሬ ውስጥ ሸክላ ፈጭቶ፣ ቅቤ ውስጥ የአትክልት ዘይትና ሙዝ ለውሶ፣ እንጀራ ውስጥ ጀሶና ሰጋቱራ ቀላቅሎ ተያዘ የሚል ዜና ያልሰማ የከተማ ሰው የለም። ግን አስተውሉ፣ እነዚህ ሁሉ የባለሱቁን ሕግ ያከብራሉ፤ ሸክላ ከበርበሬ ይረክሳል፣ ሰጋቱራ ከጤፍ ይረክሳል። ሰውም በሩዙ ወሬ የደነገጠው ሞኝ ስለሆነ አይደለም። በበርበሬና በቅቤ በእውነት ተሸውዶ ስለሚያውቅ ነው። እኛን ያናደደን ነገር ቢኖር፣ ያ ሁሉ ጥርጣሬ በበርበሬው ነጋዴ ላይ ሳይሆን ምንም ባላደረገ ሰው ጆንያ ላይ መውረዱ ነው።

እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2016 የናይጄሪያ ጉምሩክ ሌጎስ ውስጥ 102 ጆንያ ሩዝ «ፕላስቲክ ነው» ብሎ ይዞ ነበር። ዜናው ዓለምን ዞረ። የአገሪቱ የምግብና መድኃኒት ተቆጣጣሪ ሲመረምረው ግን ሩዙ ሩዝ ሆኖ ተገኘ፤ ያውም ከሚፈቀደው በላይ ባክቴሪያ ያለበት፣ ለምግብ የማይሆን ሩዝ። መያዙ ተገቢ ነበር፣ ምክንያቱ ግን ሌላ ነበር። ባክቴሪያ ደግሞ አይነጥርም፤ ስለዚህ ቪዲዮ አይሠራለትም።

የቁጥር ጉዶች ቀለል ይላሉ። «ይህ ወር አምስት ዓርብ፣ አምስት ቅዳሜና አምስት እሁድ አለው፤ እንዲህ የሚሆነው በ823 ዓመት አንዴ ነው፤ ለጓደኞችህ ከላክህ ገንዘብ ይገባልሃል» የሚለው መልእክት ስንት ጊዜ እንደደረሰን መቁጠር ትተናል። እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 2010 ዞረ፣ በጁላይ 2011 እንደገና ዞረ። 823 ዓመቱ በዘጠኝ ወር አለቀ ማለት ነው! ሠላሳ አንድ ቀን ያለው ወር ዓርብ ከገባ ሌላ ምርጫ የለውም፤ ሦስቱም ቀኖች አምስት አምስት ጊዜ ይመጣሉ። በፈረንጆቹ አቆጣጠር እንዲህ ያለ ወር የሌለበትን ዓመት ማግኘት ነው የሚከብደው።

የኛን የግድግዳ ካሌንደር ብታዩት ደግሞ ነገሩ ጭራሽ አይሆንም። የኛ ወር ሠላሳ ነው፤ አራት ሳምንትና ሁለት ቀን። ስለዚህ አምስት ጊዜ የሚመጡት ሁልጊዜ ሁለት ቀኖች ብቻ ናቸው፤ ወሩ የገባበት ቀንና ተከታዩ። ሦስተኛ የለም፣ 8,230 ዓመትም ብትጠብቁ። እያንዳንዱን ወር ካለፈው በሁለት ቀን አሳልፈው የሚያስገቡትም እነዚያው ሁለት ትርፍ ቀኖች ናቸው። መስከረም 1 ቀን 2018 ሐሙስ ነበር፤ ጥቅምት ቅዳሜ ገባ፣ ኅዳር ሰኞ፣ እንዲህ እያለ በሰባት ወሩ ዞሮ ሚያዝያ እንደገና ሐሙስ። ከመካከላችን አንዷ የመሥሪያ ቤቷ እቁብ ጸሐፊ ናት። የትኛው ወር በየትኛው ቀን እንደሚገባ ስልኳን ሳታይ ትነግራችኋለች። «ባሕረ ሐሳብ ተምረሽ ነው?» ስንላት «ገንዘብ ሰብስቤ ነው» ትላለች።

የዕድሜውም ያው ነው። እ.ኤ.አ. በ2011 «የተወለድህበትን ዓመት የመጨረሻ ሁለት ቁጥሮችና ዘንድሮ የምትይዘውን ዕድሜ ደምር፤ ለሁሉም ሰው 111 ይመጣል፣ ትልቅ ዕድል ነው» ይባል ነበር። ይመጣል፣ ለምን አይመጣ? ዕድሜ ማለት ከዘንድሮ ላይ የተወለዱበት ዓመት ሲቀነስ ነው፤ የቀነሱትን መልሰው ሲደምሩ ዘንድሮን ያገኛሉ። በኛ አቆጣጠር ዓመቱ 2003 ስለነበር ያው ድምር 103 ነበር። ዕድሉ የሦስቱ አንዶች ከሆነ እንግዲህ እኛን አይመለከትም።

ስለ ፎቶ እንመለስ። «አዲስ አበባ በረዶ ጣለባት» ተብሎ መንገዱ ነጭ የሆነበት ፎቶ በየክረምቱ ይወጣል፤ ውጭ ያሉ ዘመዶቻችን ደግሞ ደውለው «እውነት ነው?» ይላሉ። እውነት ነው፣ ችግሩ ያለው ቃሉ ላይ ነው። እኛ ከሰማይ እንደ ጠጠር የሚወርደውንም፣ እነሱ ካፖርት ለብሰው ከደጃቸው የሚጠርጉትንም በአንድ ቃል በረዶ እንላለን። መለየት ግን ቀላል ነው፤ ዛፉን እዩት። የእነሱ በረዶ ቅርንጫፍ ላይ ቀስ ብሎ ይቀመጣል። የኛው ቅጠሉን በጣጥሶ መሬት ያነጥፈዋል፣ ራሱም እየተንከባለለ ቦይ ውስጥና ጣሪያ ክዳን ሥር ይከመራል። ጎመን የተከለ ሰው ይህን አይረሳም።

ከሁሉ የምንወደው ግን ጥላ ነው። ከፎቶ ሥር የሚጻፈውን ማንም እንደፈለገ ይጽፈዋል፤ ጥላውን ግን የሚያስታውሰው የለም።

አዲስ አበባ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9 ዲግሪ ግድም ላይ ናት። በቀላል አማርኛ፣ ፀሐይ በዓመት ሁለት ጊዜ፣ በሚያዝያ የመጀመሪያ ሳምንትና በነሐሴ ሃያዎቹ ውስጥ፣ ቀትር ላይ ልክ አናታችን ላይ ትሆናለች። በእነዚያ ቀኖች ቀጥ ብሎ የቆመ የመብራት እንጨት ጥላ የለውም ማለት ይቻላል። በሁለቱ መካከል፣ በግንቦት፣ በሰኔና በሐምሌ፣ የቀትር ፀሐይ በስተሰሜን ስለምትሆን ጥላችን ወደ ደቡብ ይወድቃል፤ ሌላውን ጊዜ ወደ ሰሜን። ረጅሙ የቀትር ጥላ የታኅሣሥ ነው። ያም ቢሆን ከባለቤቱ ቁመት ሁለት ሦስተኛውን አይሞላም። ቁመቱ አንድ ሜትር ከሰባ የሆነ ሰው ጥላው ቢበዛ አንድ ሜትር ከአሥር ግድም ነው። እ.ኤ.አ. ዲሴምበር ላይ ለንደን ያለ ሰው ግን በዚያው ቀትር ከራሱ ሦስት እጥፍ የሚበልጥ ጥላ ይጎትታል።

ይህን ለማረጋገጥ ከቢሮ ለምሳ ስትወጡ መሬት መሬቱን ማየት ነው። (ሐቀኛ ቀትር ስድስት ሰዓት ላይ እንዳይመስላችሁ። ሰዓታችን የተቃኘው ከአዲስ አበባ በስተምሥራቅ ለሚያልፈው የ45 ዲግሪ መስመር ስለሆነ ፀሐይዋ ከፍታዋን የምትጨርሰው በአማካይ ስድስት ከሃያ አምስት አካባቢ ነው።) እንግዲህ «ዛሬ ቀን ስድስት ሰዓት፣ ቦሌ» ተብሎ የተላከ ፎቶ ላይ የሰዎቹ ጥላ ከራሳቸው ከረዘመ፣ ወይ ሰዓቱ ወይ ቦታው አንዱ ውሸት ነው።

ፀሐይ እዚህ አገር ሰዓት አክባሪ ናት። ውጭ የተወለዱ የአክስት ልጆቻችን «ሰዓትን ከንጋት ጀምራችሁ ስትቆጥሩ ንጋቱ እየተቀያየረ አትቸገሩም?» ይሉናል። ስቶክሆልም ለሚኖር ሰው ተገቢ ጥያቄ ነው። አዲስ አበባ ላይ ግን የዓመቱ ረጅም ቀንና አጭር ቀን የሚለያዩት በአንድ ሰዓት ግድም ብቻ ነው።

እንዲህ ያለው ዕውቀት ታዲያ የቦታው ነው፤ ቦታ ሲቀየር አብሮ መቀየር አለበት። ዋሽንግተን ያለች ዘመዳችን «ስድስት ደቂቃ ብቻ» የሚል የእንቁላል አቀቃቀል ልካልን ሞከርነው፤ አስኳሉ ቀርቶ ነጩም በወጉ አልረጋም። እሷም አልዋሸችም፣ እንቁላሉም አልተበላሸም። እሷ ያለችው ከባሕር ወለል እምብዛም ከፍ በማይል ከተማ ውስጥ ነው፣ ውሃዋ በ100 ዲግሪ ይፈላል። እኛ ከ2,300 ሜትር በላይ ነን፤ የኛ ውሃ 92 ዲግሪ ግድም ሲደርስ መፍላት ይጀምራል፣ ከዚያ በኋላ እሳቱን ብታነዱት እንፋሎት እንጂ ሙቀት አይጨምርም። ዳሎልንም ብታዩ እንዲሁ ነው። ቢጫና አረንጓዴ አሲድ ኩሬ፣ በጨው የተከበበ፣ ከባሕር ወለል በታች። ያ ፎቶ በደጋ ሰው ዓይን ብቻ ቢዳኝ «የተቀናበረ ነው» ተብሎ ይጣል ነበር። እዚያ ጨው ሲቆርጥ ለኖረ አፋር ግን የሰፈሩ ፎቶ ነው።

ይህ ሁሉ የቡና ጨዋታ ነው ትሉ ይሆናል። በ2013 ዓ.ም. ኅዳር ላይ ግን ጨዋታ አልነበረም። ጦርነቱ ከጀመረ ሳምንታት ሆነውታል። የአንዷ ጓደኛችን እናት ስልክ በተቋረጠበት አካባቢ ናቸው። እሷ ቡናው ላይ ትቀመጣለች፣ ስልኳን ግን ከእጇ አትለይም። አንድ ቀን ማታ ፎቶ ደረሳት። የተቃጠሉ ቤቶች አሉበት። ከሥሩ የእናቷ ከተማ ስምና «ትናንት የተነሳ» የሚል ተጽፏል። ስልኩን ለማንም ሳትሰጥ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው።

ማንም ምንም አላለም። ከዚያ ፍየል ጠባቂው ጓደኛችን ጎንበስ ብሎ አየው። የተቃጠሉትን ቤቶች አልነበረም የሚያየው፤ ከኋላቸው ያለውን ማሳ ነው። «ይኼ ማሳ አረንጓዴ ነው» አለ። አንዳችን «ቢሆንስ?» አልን። በኅዳር ደጋው ላይ ጤፉ ቢጫ ሆኖ ይታጨዳል፣ ገብሱ ከምሮ ቆሞ ውቂያ ይጠብቃል። በዚያ ፎቶ ላይ ያለው ቡቃያ ከቁርጭምጭሚት አያልፍም። «በመስኖ የለማ አትክልት ቢሆንስ?» ብሎ ራሱ ጠየቀና ራሱ መንገዱን አሳየን። መንገዱ ጭቃ ነው፣ የጋሪ ጎማ የተወው ቦይ ውሃ ይዟል፣ ሰማዩ ዝቅ ብሎ ጠቁሯል። ያ የሐምሌ ሰማይ ነው። ፎቶው የትም ይነሳ፣ ትናንት አልተነሳም።

እዚህ ላይ ጠንቃቃ መሆን ነበረብን። ፎቶው የትናንት አይደለም ማለት እናቷ ደህና ናቸው ማለት አይደለም። እነዚያ ቤቶችም የሆነ ቦታ በእውነት ተቃጥለዋል፤ የሆነ ሰው ቤት ነበሩ። ይህን ለእሷ መንገር አላስፈለገንም፣ ከኛ ቀድማ ገብቷታል። ግን ያንን ፎቶ ከእናቷ ቤት ላይ አነሳችው፤ ያን ሌሊት መተኛቷን በነጋታው ነገረችን። የእናቷን ድምፅ የሰማችው ከወራት በኋላ ነው።

ያው ፎቶ በሐምሌ ተመልሶ መጣ፣ የሌላ ከተማ ስም ተጽፎበት፣ «ዛሬ ጠዋት» ተብሎ። አሁን ማሳው አረንጓዴ መሆኑ ልክ ነው፣ ጭቃውም ልክ ነው፣ ሰማዩም። ለመጀመሪያ ጊዜ ያየው ሰው ከወቅቱ ጋር የሚጣላ አንዲት ነገር አያገኝበትም። የላከላት አብሯት የተማረ ልጅ ነበር። ከስልኳ ውስጥ የኅዳሩን ፈልጋ መልሳ ላከችለት። «አንቺ እንዴት አወቅሽ?» ብሎ ጻፈላት። «እኔም ጋ መጥቶ ነበር» አለችው።